የተጠቃሚዎች ተሳትፎ በኤሌክትሪክ ኔትወርክ ዋጋ ቁጥጥር

የተጠቃሚዎች ተሳትፎ በኤሌክትሪክ ኔትወርክ ዋጋ ቁጥጥር ማለት ኃይል የሚያስተላልፉና የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ከደንበኞቻቸው የሚሰበስቡት ክፍያ ሲወሰን፣ ከፋዮቹ ራሳቸው ወይም ወኪሎቻቸው በውሳኔው ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩበት አሠራር ነው። ተሳትፎው ብዙ ዓይነት ነው፤ በረቂቅ ታሪፍ ላይ አስተያየት ከመስጠት ጀምሮ በሕዝብ ፊት በሚደረግ ስብሰባ ላይ እስከመከራከር፣ አልፎም ከድርጅቱ ጋር በዋጋው ላይ እስከመደራደር ይደርሳል። በኢትዮጵያ ታሪፍን የሚያጠናው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲሆን የሚያጸድቀው መንግሥት ነው። ጉዳዩ በተለይ ከ2011 ዓ.ም. እና ከ2017 ዓ.ም. የታሪፍ ማስተካከያዎች በኋላ ጎንደርን በመሳሰሉ ከተሞችና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የየቤቱ ጉዳይ ሆኗል።

የኔትወርክ ዋጋ ምንነት

አንድ ደንበኛ በወር የሚከፍለው የመብራት ሒሳብ በአንድ ቁጥር ቢጻፍም ውስጡ ሦስት የተለያዩ ወጪዎች አሉ። የመጀመሪያው ኃይሉን የማመንጨት ወጪ ነው፤ ግድቦችና የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች በዚህ ሥር ይገባሉ። ሁለተኛው ከማመንጫው እስከ ማከፋፈያ ጣቢያ ድረስ በከፍተኛ ቮልቴጅ የማስተላለፍ ወጪ ነው። ሦስተኛው ከማከፋፈያ ጣቢያው ተነሥቶ በምሰሶ፣ በሽቦና በትራንስፎርመር በኩል እስከ ቆጣሪው የማድረስ ወጪ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በአንድነት የኔትወርክ ዋጋ ይባላሉ።

ኔትወርክ ከሌላ ሸቀጥ የሚለይበት ምክንያት አለ። ጤፍ የሚገዛ ሰው የአንዱ ነጋዴ ዋጋ ካልተስማማው ወደ ጎረቤቱ ነጋዴ ይሄዳል። በአንድ መንገድ ላይ ግን ሁለት ተፎካካሪ ድርጅቶች ጎን ለጎን ምሰሶ ቢተክሉ ወጪው እጥፍ ይሆናል እንጂ ዋጋው አይቀንስም። ስለዚህ በአብዛኞቹ አገሮች በአንድ አካባቢ ብዙውን ጊዜ አንድ የማከፋፈያ ድርጅት ብቻ ይኖራል። ይህ ተፈጥሯዊ ሞኖፖሊ ይባላል። ደንበኛው ሌላ ሻጭ የመምረጥ ዕድል ስለሌለው ዋጋውን የሚገድብ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። የተጠቃሚው ተሳትፎ ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው፤ በገበያ ውስጥ ደንበኛው ፊቱን በማዞር የሚሰጠው ድምፅ በኔትወርክ ላይ ስለማይሠራ ድምፁ በሌላ መንገድ መሰማት ይኖርበታል።

ዋጋው እንዴት ይሰላል

በብዙ አገሮች ተቆጣጣሪዎች የሚጠቀሙበት ስሌት በመሠረቱ አንድ ነው። ድርጅቱ በዓመት ሊሰበስበው የሚገባ ገቢ ከሦስት ነገሮች ድምር ይገኛል፦

አንደኛ፣ የዓመቱ የሥራ ማስኬጃ ወጪ፤ ማለትም ደመወዝ፣ ጥገና፣ ነዳጅ፣ የቆጣሪ ንባብና የመሳሰለው።

ሁለተኛ፣ የእርጅና ቅናሽ፤ ማለትም የትራንስፎርመሩና የመስመሩ ዋጋ በአገልግሎት ዘመኑ ተከፋፍሎ ለዓመቱ የሚደርሰው ድርሻ።

ሦስተኛ፣ በንብረቱ ላይ ለዋለው ገንዘብ የሚከፈል ወለድ ወይም ትርፍ።

የእነዚህ ድምር ይሸጣል ተብሎ ለሚጠበቀው የኃይል መጠን ሲካፈል አማካይ ታሪፍ ይገኛል። ከዚያ ይህ አማካይ ለመኖሪያ ቤት፣ ለንግድ ቤትና ለኢንዱስትሪ ይደለደላል።

በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ተጠቃሚው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። የታቀደው መስመር በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ? በመንገድ ላይ የሚባክነውን ኃይል ወጪ የሚሸከመው ድርጅቱ ነው ወይስ ከፋዩ? ዋጋው ሲጨምር የመብራት መቋረጥ በምን ያህል ይቀንሳል? እነዚህ የሒሳብ ባለሙያ ብቻ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አይደሉም። ተቆጣጣሪው የድርጅቱን መዝገብ ሊመረምር ይችላል፤ በአንድ ሰፈር ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ወፍጮ ቤቱ በዚያ ምክንያት ምን እንዳጣ፣ ነዋሪው ለአስተማማኝ መብራት ምን ያህል ጨምሮ ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆነ የሚያውቀው ግን ተጠቃሚው ነው።

የኢትዮጵያ የቁጥጥር ሥርዓት አመጣጥ

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ። ይህ ድርጅት ለረጅም ዘመን ኃይል የሚያመነጭ፣ የሚያስተላልፍና የሚሸጥ ሆኖ ቆይቷል። ሕዝቡም እስከ ዛሬ በልማድ «መብራት ኃይል» ይለዋል። በ1989 ዓ.ም. ሁለት ለውጦች መጡ። በደንብ ቁጥር 18/1989 ድርጅቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ በዐዋጅ ቁጥር 86/1989 ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲ የተባለ ተቆጣጣሪ ተቋቋመ። በዚህም ሻጩና ተቆጣጣሪው በሕግ ተለያዩ።

በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ በደንብ ቁጥር 302/2006 እና 303/2006 ለሁለት ተከፈለ። ማመንጨትና በከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና መሸጥ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። በዚያው ዓመት የወጣው የኢነርጂ ዐዋጅ ቁጥር 810/2006 ኤጀንሲውን በኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ተካው። በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን በወሰነው ዐዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ ሥራው ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተዛወረ።

በዚህ ሥርዓት የብሔራዊ ኔትወርክ ታሪፍ ሐሳብ ከአገልግሎት ሰጪዎቹ ይነሣል፣ በባለሥልጣኑ ይመረመራል፣ በመጨረሻም በመንግሥት ይጸድቃል። ከብሔራዊ ኔትወርክ ውጭ ለሚሠሩ አነስተኛ የኃይል ምንጮች ግን ታሪፉን የሚያጸድቀው ራሱ ባለሥልጣኑ ነው። ከዚህ የሚከተል ነገር አለ፤ የተጠቃሚው አስተያየት ክብደት የሚኖረው ሐሳቡ በባለሥልጣኑ ዘንድ ገና በጥናት ላይ ሳለ ነው። ታሪፉ ጸድቆ በቴሌቪዥን ከተነገረ በኋላ የሚመጣ ቅሬታ ስለ አፈጻጸም ካልሆነ ስለ ዋጋው ብዙ የሚለውጠው ነገር አይኖርም።

የተሳትፎ ሕጋዊ መሠረቶች

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 89ም መንግሥት የልማት ፖሊሲዎች ሲነደፉ የሕዝቡን ተሳትፎ እንዲያበረታታ ግዴታ ይጥልበታል።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ዐዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይህን መብት ወደ አሠራር ያወርደዋል። በዐዋጁ መሠረት አንድ የመንግሥት ተቋም መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ ማሳወቅና አስተያየት መቀበል ይኖርበታል። በመመሪያው ወይም በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰውም በፍርድ ቤት እንዲመረመርለት መጠየቅ ይችላል። ሆኖም ዐዋጁ የተጻፈው ለአስተዳደር ተቋማት መመሪያና ውሳኔ ነው። ስለዚህ ስለ ቆጣሪ፣ ስለ አዲስ መስመር ማስገቢያ ወይም ስለ ቅሬታ አቀራረብ በመመሪያ የሚወጡ ደንቦችን በቀጥታ ሲያገኝ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደረጃ የሚጸድቀውን ታሪፍ በዚያው መጠን አያገኘውም።

ከእነዚህ ሌላ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት ዐዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት ተቋማት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ሸማቾች መብት ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል አቤቱታዎችን ይቀበላል። በየዕለቱ ለሚያጋጥሙ የአገልግሎት ችግሮች ደንበኞች የሚደውሉት በ905 የጥሪ ማዕከል ነው።

የ2011 እና የ2017 ዓ.ም. የታሪፍ ማስተካከያዎች

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ1998 ዓ.ም. በኋላ ለዐሥራ ሁለት ዓመታት ያህል ሳይለወጥ ቆይቶ ነበር። በእነዚህ ዓመታት የኑሮ ውድነቱ እየጨመረ፣ ከውጭ የሚገቡ የሽቦ፣ የትራንስፎርመርና የቆጣሪ ዋጋዎችም እየናሩ ሄዱ። ዋጋው ሳይነካ መቆየቱ ለተጠቃሚው ጥቅም ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ለጥገና የሚውለው ገንዘብ በየዓመቱ የመግዛት ዐቅሙን እያጣ ስለሄደ ከፋዩ በሒሳብ ወረቀቱ ያተረፈውን በመብራት መቆራረጥ መልሶ ከፍሎታል።

በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚፈጸም ጭማሪ ተጀመረ። ለመኖሪያ ቤት ታሪፉ እንደ ደረጃ መሰላል የተሠራ ነበር። በአራተኛው ዓመት ላይ እስከ 50 ኪሎዋት-ሰዓት ለሚጠቀሙ 0.2730 ብር፣ እስከ 100 ለሚደርሱ 0.7670 ብር፣ እስከ 200 ለሚደርሱ 1.6250 ብር፣ ከ500 በላይ ለሆነ ደግሞ 2.4810 ብር ደረሰ። የመጀመሪያው እርከን ከቀድሞው አልተለወጠም፤ ዓላማው አነስተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች መጠበቅ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮም አዲስ የአራት ዓመት የታሪፍ ማስተካከያ ተግባራዊ መሆን ጀመረ። ጭማሪው በየሦስት ወሩ በትንሽ በትንሹ እንዲፈጸም ሲደረግ ዝቅተኛ ፍጆታ ላላቸው ቤተሰቦች ድጎማ ተይዟል።

የጋራ ቆጣሪ ችግር

የታሪፍ ስሌት በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ሆኖ በኑሮ ላይ ሲውል ግን ተቃራኒ ውጤት ሊያስከትል እንደሚችል የሚያሳየው ዋነኛ ምሳሌ የጋራ ቆጣሪ ነው። በጎንደርም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራዮች በባለቤቱ አንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ።

ለምሳሌ አራት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በወር 40 ኪሎዋት-ሰዓት ቢጠቀሙ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቆጣሪ ካላቸው ሁሉም በመጀመሪያው እርከን ውስጥ ይሆናሉ። በ2014 ዓ.ም. በነበረው መሰላል መሠረት የአንዱ ሒሳብ 10 ብር ከ92 ሳንቲም፣ የአራቱ ድምር 43 ብር ከ68 ሳንቲም ይሆናል፤ ይህ የአገልግሎት ክፍያን አይጨምርም። እነዚሁ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ቢጠቀሙ ግን ቆጣሪው የሚያነበው 160 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ፍጆታው በየእርከኑ ተከፋፍሎ ቢሰላ እንኳ ሒሳቡ ቢያንስ 149 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። ያው ድሃ ቤተሰብ ያንኑ ኃይል ተጠቅሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ይከፍላል ማለት ነው። ለድሃው የታሰበው ድጎማ የራሱን ቆጣሪ ማስገባት ለቻለው ይደርሳል፤ ያልቻለው ተከራይ ግን ይቀርበታል።

የእንጀራ ምጣድም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር ወደ 56 ኪሎዋት-ሰዓት ይደርሳል። ይህም አምፖል ሳይበራ፣ ስልክ ሳይሞላ የመጀመሪያውን እርከን ያልፋል። ስለዚህ 50 ኪሎዋት-ሰዓት «የድሃ ፍጆታ» ተብሎ ሲወሰን ድሃው በማገዶ ይጋግራል ተብሎ ታስቧል ማለት ይሆናል። በማገዶ እጥረትና በደን መራቆት ለሚቸገር አካባቢ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ከድርጅቱ የሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ተከራይዋና ጋጋሪዋ በጥናቱ ወቅት ሲጠየቁ ነው።

ጎንደርና ሰሜን ጎንደር

የጣና ሐይቅ አካባቢ ከኢትዮጵያ ዋና ዋና የኃይል ማመንጫ ቦታዎች አንዱ ነው። ከሐይቁ በሚወጣው የዓባይ ውኃ የሚሠሩት የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች፣ ከዚያም በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። ወደ ሱዳን ኃይል የሚወስደው ማስተላለፊያ መስመርም በጎንደርና በመተማ በኩል ያልፋል። ለማመንጫ ቅርብ መሆን ግን በራሱ አስተማማኝ መብራት አያስገኝም፤ በማመንጫውና በቤቱ መካከል ያለው ኔትወርክ ነው የሚወስነው።

በዚህ ረገድ የከተማውና የደጋው ሁኔታ የተለያየ ነው። በጎንደር ከተማ ቤቶች ስለተጠጋጉ አንድ ትራንስፎርመር ብዙ ደንበኞችን ያገለግላል። በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ በጃን አሞራና በበየዳ፣ መንደሮች በገደልና በሸለቆ የተለያዩ ናቸው። ለምሳሌ ያህል የአንድ መስመር ዓመታዊ ወጪ 1 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ 1,000 ደንበኛ ባለበት ለእያንዳንዱ 1,000 ብር ይደርሰዋል፤ 100 ደንበኛ ብቻ ባለበት ግን 10,000 ብር ይሆናል። የኢትዮጵያ ታሪፍ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይህ ልዩነት በደጋው ገበሬ ሒሳብ ላይ አይታይም፤ የከተማውና የኢንዱስትሪው ክፍያ ይሸፍነዋል። አንድ ወጥ ታሪፍ ባይኖር የደጋው መንደር መብራት የማይቀመስ በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ከሩቁ መንደር የሚያገኘው ገቢ ከወጪው ስለሚያንስ፣ ግዴታ ካልተጣለበት በቀር ወደዚያ ለመስፋፋት የሚገፋፋው ነገር አነስተኛ ይሆናል።

የተጠቃሚው ጥቅምም አንድ ዓይነት አይደለም። በጎንደር ያለ ሆቴል ወይም ፋብሪካ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ስለሚያስነሣ ከዋጋው ይልቅ መቋረጡ ይጎዳዋል። በቀን ሥራ የሚተዳደር ተከራይ የመጀመሪያው እርከን እንዲሰፋ ይሻል። የደባርቅ ወፍጮ ቤት ባለቤት ቮልቴጁ እንዳይወርድበት ይፈልጋል። የበየዳ ገበሬ ደግሞ ገና ቆጣሪ የለውም፤ እሱን የሚያሳስበው የኪሎዋት-ሰዓት ዋጋ ሳይሆን መስመሩ መቼ እንደሚደርስና ለማስገባት ስንት እንደሚጠየቅ ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከብሔራዊ ኔትወርክ ኃይል ያገኙ የነበሩት ቤተሰቦች 33 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «ደንበኞችን» ብቻ የሚያማክር ሥርዓት ገና ደንበኛ ያልሆነውን ትልቁን ክፍል ይተወዋል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በሕንድ የ2003 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ ሕግ የታሪፍ ማመልከቻ ለሕዝብ እንዲታተም፣ ተቆጣጣሪውም ከሕዝብ የቀረቡ ሐሳቦችንና ተቃውሞዎችን ተመልክቶ በ120 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ያዛል። በፑኔ ከተማ የሚገኘው ፕራያስ የተባለ ድርጅት ለዓመታት በእነዚህ ክርክሮች ላይ በሒሳብ የተደገፈ ተቃውሞ በማቅረብ ይታወቃል። በደቡብ አፍሪካ የኢነርጂ ተቆጣጣሪው ኔርሳ በኤስኮም የዋጋ ጥያቄዎች ላይ ሕዝባዊ ስብሰባዎችን ያደርጋል። በኬንያም የ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተሳትፎን ከመንግሥት አስተዳደር መርሆች አንዱ አድርጎታል።

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት በ1974 እ.ኤ.አ. ከፋዮችን ወክሎ በተቆጣጣሪው ፊት የሚከራከር የሕዝብ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት አቋቁሟል። በካሊፎርኒያ ደግሞ ለውሳኔው የረባ አስተዋጽኦ ያደረጉ የተጠቃሚ ወኪሎች የክርክር ወጪያቸው ይተካላቸዋል። በአውስትራሊያ የኔትወርክ ድርጅቶች ከሚያስፈልገው በላይ ገንብተው ዋጋ አንረዋል የሚል ወቀሳ ከተነሣ በኋላ ተቆጣጣሪው በ2013 እ.ኤ.አ. ድርጅቶቹን ከተጠቃሚ ወገን የሚሞግት የባለሙያዎች ቡድን አቋቋመ። በስኮትላንድ በ2011 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የደንበኞች መድረክ ከውኃ አገልግሎት ድርጅቱ ጋር ለ2015–2021 እ.ኤ.አ. ዋጋ በቀጥታ ተደራድሯል፤ ይህም በኤሌክትሪክ ዘርፍ ለተሞከሩ ተመሳሳይ አሠራሮች አርአያ ሆኗል።

እነዚህ ልምዶች የሚጋሩት ሦስት ነገር አለ። መረጃው ከውሳኔው በፊት ይፋ ይሆናል፤ ተጠቃሚውን የሚወክል ዐቅምና በጀት ያለው አካል ይኖራል፤ ተቆጣጣሪውም የትኛውን አስተያየት ለምን እንደተቀበለና ለምን እንዳልተቀበለ በጽሑፍ ይመልሳል።

ገደቦችና ክርክሮች

ተሳትፎ ሁልጊዜ ውጤት ያመጣል ማለት አይደለም። ውሳኔው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማስታወቂያ እንጂ ምክክር አይሆንም። በቴክኒክ ቋንቋ የተጻፈ የታሪፍ ሰነድ ለአብዛኛው ሰው የተዘጋ ነው። የተደራጁ ትልልቅ ተጠቃሚዎች ባለሙያ ቀጥረው ስለሚቀርቡ የተበታተነውን የመኖሪያ ቤት ተጠቃሚ ድምፅ ሊውጡት ይችላሉ። በሌላ በኩል ተጠቃሚው ሁልጊዜ ዝቅተኛ ዋጋ ስለሚሻ ተሳትፎው ለነገ መስመር የሚያስፈልገውን መዋዕለ ንዋይ ያዘገያል ብለው የሚከራከሩ አሉ። ለዚህ የሚሰጠው መልስ፣ ሰው ዋጋና አገልግሎት አብረው ሲቀርቡለት ምርጫው የተለየ ይሆናል የሚል ነው፤ «ይጨምር ወይስ አይጨምር?» ተብሎ የሚጠየቅና «ይህን ያህል ቢጨምር መቋረጡ በዚህን ያህል ሰዓት ይቀንሳል፤ ይሻላል ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም።

ለዚህም አንድ ደንበኛ በዓመት በአማካይ ስንት ሰዓት ያለ መብራት እንደቆየ፣ ስንት ጊዜም እንደተቋረጠበት በየአካባቢው ተለክቶ መታተም ይኖርበታል። እነዚህ ሁለት መለኪያዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመዱ ሲሆኑ፣ የጎንደር ቁጥር ከደባርቅ፣ የዘንድሮውም ከአምናው ጋር ሲተያይ ለጭማሪው ምን እንደተገኘበት ያሳያሉ። እንደ እድር ያሉ የአካባቢ ማኅበራት አባሎቻቸውን የሚያውቁ፣ መዋጮ የሚሰበስቡና ሒሳብ የሚያወራርዱ ተቋማት በመሆናቸው፣ ተከራዩንም ባለቤቱንም በአንድ ላይ ለመጠየቅ አመቺ ናቸው። ቆጣሪ ባልደረሰበት ገጠር ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ተመሳሳይ ሚና ሊኖረው ይችላል።